ኬብልና ቧንቧ ያለፈበት ቀዳዳ እሳት እንዳያሳልፍ

ግድግዳው እሳትን ሁለት ሰዓት ይከላከላል ተብሎ ተሠርቶ፣ ከኮርኒሱ በላይ ኬብል የገባበት የጡጫ ያህል ቀዳዳ ክፍት ከቀረ፣ ያ ሁለት ሰዓት የለም። ጭሱ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ኮሪደሩና ወደ ደረጃው ይገባል። ሰው ደግሞ በብዛት የሚሞተው በጭሱ ነው።

በመጀመሪያ ክፍተት ለመድፈን የሚረጨውንና አብጦ የሚደርቀውን ተራ ፎም ተዉት። ለበርና ለመስኮት ክፈፍ ይሁን እንጂ እዚህ ቦታ የለውም፤ ራሱ በእሳት ይነድዳል። እ.ኤ.አ. በ1975 አላባማ በሚገኘው የብራውንስ ፌሪ የኑክሌር ማመንጫ፣ ሠራተኞች ኬብል ባለፈበት ቀዳዳ አየር ይሾልክ እንደሆነ በሻማ ሲፈትሹ የተደፈነበት ፎም ተቀጣጠለ፤ ከ1600 በላይ ኬብሎች ተጎዱ።

ከመግዛታችሁ በፊት የዕቃውን የፈተና ወረቀት ጠይቁ። ኢኤን 1366-3 (የአውሮፓ) ወይም ኤኤስቲኤም ኢ814 (የአሜሪካ) የሚል የእሳት ፈተና ደረጃ ፈልጉበት። ወረቀቱ ላይ ያለው የግድግዳ ዓይነት፣ የቧንቧ ዓይነትና የክፍተት ስፋት ከእናንተው ጋር ካልገጠመ ዕቃው ምንም ውድ ቢሆን አይረዳችሁም። ለኮንክሪት የተፈተነው ለጂፕሰም ግድግዳ ይሠራል ማለት አይደለም።

ብሎኬት ከሆነ አንድ ተጨማሪ ሥራ አለ። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ፣ ፊቱን ብቻ ብትለጥፉት እሳቱ በውስጥ ዞሮ ይወጣል። በቀዳዳው ዙሪያ ያለውን ባዶ በሲሚንቶና በአሸዋ ሙሉት። ከዚያ አቧራውን ጠርጉ፣ ሮክ ዉሉን (ከድንጋይ የተሠራውን ጥጥ መሰል ነገር) ጠበቅ አድርጋችሁ ጠቅጥቁ፣ ላዩን የፈተና ወረቀቱ በሚያዘው ውፍረት በፋየር ሲላንት (እሳት በሚከላከል ማሸጊያ) ዝጉ። ከመስታወት የተሠራው ግላስ ዉል አይተካውም፤ ሮክ ዉል ከ1000 ዲግሪ በላይ ሲችል ግላስ ዉል ቀድሞ ይቀልጣል። ኬብል በጥቅል ከታሰረ ፈታ አድርጉትና ሲላንቱ በመሃል ይግባ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በፒቪሲ (በፕላስቲክ) ቱቦ ነው። ዙሪያውን ምንም ያህል ብታሳምሩት ቱቦው ራሱ ቀልጦ ቀዳዳውን ይከፍተዋል። መፍትሔው ፋየር ኮላር የሚባለው ቱቦውን የሚከብ ቀለበት ነው፦ ውስጡ ያለው ነገር ሲሞቅ አብጦ የለሰለሰውን ቱቦ ጨምቆ ይዘጋዋል። ግድግዳ ላይ በሁለቱም በኩል፣ ሶሌታ ላይ ከታች በኩል ይታሰራል። ስታስሩት በብረት ማሰሪያ ይሁን፤ የፕላስቲክ ፊሸር ከቀለጠ ኮላሩ ይወድቃል። የብረት ቧንቧ ቀለል ይላል፣ ለምሳሌ የአሜሪካ ሕግ እስከ 15 ሴንቲሜትር ገደማ ለሆነ የብረት ቧንቧ፣ በኮንክሪት ወይም በብሎኬት ግድግዳ ውስጥ፣ ክፍተቱን በሲሚንቶ ሙሉ ውፍረት መድፈንን ይፈቅዳል።

ኮርኒሱ ከመዘጋቱ በፊት እያንዳንዱን ቀዳዳ ፎቶ አንሱ፣ ቁጥርና ቀን የያዘ ወረቀት አጠገቡ ለጥፉ። ሕንፃው ከተረከበ በኋላ የኢንተርኔት ወይም የካሜራ ሠራተኛ መጥቶ ያንኑ ግድግዳ ይበሳል፤ መልሶ ሳይደፍን እንዳይሄድ ክፍያውን ከቀዳዳው መደፈን ጋር እሰሩት።