ካቪያር ጅማ ላይ ሲቀርብ

ካቪያር ስተርጀን የሚባለው አሳ በጨው የተያዘ እንቁላል ነው። ማብሰል አያስፈልገውም፤ ዋናው ሥራ ቅዝቃዜውን መጠበቅ ነው። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ጅማ የሚገባ የካቪያር ቆርቆሮ የሚበላሸውም ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። በተለይ ማሎሶል የተባለው፣ ጨው የቀነሰው ዓይነት፣ ጣዕሙ የተሻለ ቢሆንም ሙቀት አይችልም።

በበረዶ ሳጥን ሲጓዝ ቆርቆሮው በጨርቅ ይጠቅለል። በረዶው በቀጥታ ከነካው ከማቀዝቀዝ አልፎ እንቁላሉን በረዶ ሊያደርገው ይችላል፤ አንዴ በረዶ የሆነ ፍሬ ሲሟሟ ቆዳው ይፈነዳና ሊጥ ይሆናል። ፍሪዘር ውስጥ የማይገባውም ለዚህ ነው። የሚስማማው ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ እስከ ዜሮ ግድም ነው፤ የቤት ፍሪጅ ግን 4 ዲግሪ አካባቢ ስለሚሆን፣ ቆርቆሮውን በረዶ በሞላበት ሳህን ላይ አድርጎ ከታች ወደ ኋላ ማስቀመጥ ይበጃል። መብራት ከጠፋ ፍሪጁን አይክፈቱት። ለሰዓታት ሞቆ የቆየ ካቪያር ግን ውድ ነው ተብሎ አይበላም።

30 ግራም ለሁለት ሰው ይበቃል። ሊቀርብ 10 ደቂቃ ሲቀረው ከፍሪጅ ይውጣ፣ ክዳኑም ገበታው ላይ ይከፈት። ፍሬው የሚያብረቀርቅና እርስ በርሱ ያልተጣበቀ፣ ሽታው ለስላሳ መሆን አለበት። ውሃ ካቀረረ፣ ከመረረ ወይም ከባድ የአሳ ሽታ ካለው ይጣል።

የብር ማንኪያ የብረት ጣዕም ያመጣበታል። እኛ አገር ለክትፎ የሚቀርበው የቀንድ ማንኪያ ከሁሉም ይስማማዋል፤ ከሌለ የእንጨት ይሁን። ከላይ በቀስታ ማንሳት እንጂ ማማሰል የለም።

አብሮ የሚቀርበው ጣዕመ ቀላል ይሁን። እንጀራ ኮምጣጣነቱ ይጫነዋል። ይልቅ 60 ግራም የጤፍና 60 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ አንድ እንቁላል፣ 150 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ወተትና ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርሾ ተቦክቶ አንድ ሰዓት ይቆይ፤ ከዚያ በላይ ከቆየ ይኮመጥጣል። ጨው አይግባበት። በእጅ መዳፍ ግማሽ ስፋት እየተጋገረ ለብ ሲል፣ በጨርቅ ተንጠልጥሎ ውሃው የወጣ እርጎ ተቀብቶ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ካቪያር ከላይ ይደረግ። የተቀቀለ ድንችና ለጋ ቅቤም ያምርበታል። የተነጠረ ቅቤ፣ ሚጥሚጣና ሽንኩርት ግን ፈጽሞ አይቅረቡ።

ለመጠጥ የቀዘቀዘ አምቦ ውሃ ይበቃል። ጅማ ላይ እንግዳ ተቀምጦ ቡና አለመቁላት አይታሰብም፤ ሆኖም የቡናውና የዕጣኑ ጭስ የካቪያሩን መዓዛ ስለሚያጠፋው፣ ቆርቆሮው ባዶ ከሆነ በኋላ ምጣዱ ይጣድ።

የተረፈ ካለ ፕላስቲክ ፍሬው ላይ ተለጥፎ አየር እንዳይገባው ተከድኖ ይመለስ፤ በሁለት ቀን ውስጥ ይበላ። ነፍሰ ጡር ሴት ፓስቸራይዝ ያልተደረገውን፣ ማለትም ጀርሙ እንዲሞት በሙቀት ያልታከመውን፣ አትብላ።