በሽታ የሚቋቋም የቲማቲም ዝርያ በራስ ማሳ እንዴት ይፈተናል?

ፓኬት ላይ «በሽታ ይቋቋማል» የሚል ጽሑፍ ሳይ ድሮ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን «የትኛውን በሽታ?» ብዬ ነው የምጀምረው። ፓኬቱ ላይ «ኤፍ» የሚለው ፊደል ፉዛሪየም ለሚባለው አጠውልግ በሽታ ነው፣ «ቪ» ቬርቲሲሊየም ለሚባለው ሌላ አጠውልግ፣ «ኤን» ደግሞ ኔማቶድ ለሚባለው ሥር የሚያጠቃ ጥቃቅን ትል። ሦስቱም ተደርድረው ሌት ብላይት የሚባለው ቅጠልና ግንድ የሚያጠቁር በሽታ ማሳውን ሊፈጀው ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የራሳችሁን ማሳ የሚያስቸግረውን በሽታ ለዩ፤ ከዚያ ሦስት አራት ዝርያ ምረጡ። ከዚያ በላይ ጣጣ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። በዚያ በሽታ ቶሎ የሚጠቃ ዝርያ አብራችሁ ትከሉ። አዎ፣ ሆን ብላችሁ።

እኔ መጀመሪያ ይህን አላደረግሁም። አዲሱን ዝርያ ብቻውን ተከልኩ፤ አንድ ቅጠል እንኳ አልጠቆረም። «በቃ፣ ተገኘ!» ብዬ በቀጣዩ ወቅት ማሳውን በሙሉ በእሱ ሞላሁት። ዝናቡ ቀን ከሌት አላባራ ሲል ግንዱ ሳይቀር ጠቁሮ በሁለት ሳምንት ውስጥ አለቀ። ለካ የመጀመሪያው ወቅት ደረቅ ስለነበር በሽታው ጭራሽ አልመጣም! ደካማ ዝርያ አጠገቡ ኖሮ እሱም ጤነኛ ሆኖ ባየው ያኔ ይገባኝ ነበር። ደካማው ካልታመመ ገና ምንም አልተፈተነም።

እያንዳንዱን ዝርያ ቢያንስ ሦስት ቦታ ትከሉ፤ ቦታውን በዕጣ ለዩ። ጥላ ያለበትና ውሃ የሚቋጥር ጥግ ለአንዱ ብቻ ከደረሰ የምታወዳድሩት ዝርያውን ሳይሆን መሬቱን ነው። ችግኙ በአንድ ቀን ይተከል። መዳብ ያለው መድኃኒት በኦርጋኒክ እርሻ ቢፈቀድላችሁም መሞከሪያው ላይ አትርጩ።

ከዚያ በየሳምንቱ ከቅጠሉ ስንት በመቶው እንደተበላሸ ጻፉ፤ ገማቹ ሁሌም አንድ ሰው ይሁን። በየዝርያው አጠገብ በምትተክሉት ምልክት እንጨት ላይ ስም ሳይሆን ቁጥር ይጻፍ፤ ስም ካያችሁ ለምትወዱት ታደላላችሁ። በእርሳስ ጻፉ፣ ማርከር ፀሐይ ያደበዝዘዋል። በጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ቅጠሉን ገልብጡት፤ በጠቆረው ዳር ነጭ ሻጋታ ካለ ሌት ብላይት ነው። ከታች ቅጠል የሚጀምርና ክብ በክብ ውስጥ የሚሠራ ቡናማ ነጠብጣብ ከሆነ ግን ኧርሊ ብላይት የሚባል ሌላ በሽታ ነው፤ ለየብቻ መዝግቡት።

ምርቱንም መዝኑ፣ ቅመሱትም። አንዱ ዝርያዬ በሽታውን ችሎ እስከ መጨረሻው አረንጓዴ ሆኖ ቆየ፤ ፍሬው ግን እየተሰነጠቀ ግማሹን ለዶሮዎች ሰጠሁት።