ቧንቧው እርሳስ ሲይዝ፦ በእጅ የሚሞላ የአደን ሽጉጥ ጥይት ችግርና መፍትሄ

የሽጉጡን ሲሊንደር፣ ጥይቶቹን የሚይዘውን ተሽከርካሪ ክፍል፣ ከፍታችሁ ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ ካያችሁ በኋላ፣ ከቧንቧው ኋላ ነጭ ወረቀት ያዙና በአፈሙዙ በኩል ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ጥምዝ ቦዮቹ ጥርት ብለው ካልታዩና ጠርዛቸው ላይ ግራጫ ቅርፊት ከተጣበቀ፣ አረሩ፣ ከጥይቱ ተወርውሮ የሚሄደው እርሳስ ማለቴ ነው፣ እርሳሱን እየጣለ ነው ያለፈው። ኢላማው ላይም ይታወቃል። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ጥይቶች ተቀራርበው ይመታሉ፤ ከዚያ በኋላ ያሉት እንደ ፈሰሰ ጥራጥሬ ይበተናሉ።

እርሳስ እያቀለጠ አረር የሚያፈስ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ችግር ይህ ነው፤ አብዛኛው ጽሑፌም በእሱ ላይ ነው። ሌሎቹን አጠር አደርጋቸዋለሁ።

«እርሳሱ ለስልሷልና አጠንክረው»

ማንንም ብትጠይቁ የምታገኙት የመጀመሪያ ምክር ይህ ነው። እኔም አምኜው አንድ ሙሉ የአደን ወቅት አቃጥያለሁ። ለዱር አሳማ የማዘጋጀው .44 ማግነም ሪቮልቨር ነበረኝ። ከመኪና ጎማ በወጣ የባላንስ እርሳስ ስሠራ ቧንቧው ያዘ። ድሮ ማተሚያ ቤቶች ፊደል ያፈሱበት የነበረውን ሊኖታይፕ ቀላቀልኩበት፤ ባሰ። ከፎርማው ትኩሱን አረር ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እየጣልኩ አጠነከርኩት፤ ጭራሽ ሦስተኛው ጥይት ላይ መበተን ጀመረ።

አንድ ቀን ሲሊንደሩን ፈትቼ ሳጸዳ፣ እንዲያው ለጨዋታ፣ አንዱን አረር ከፊት በኩል በአንደኛው ቀዳዳ አፍ ላይ አስቀመጥኩት። መግፋት እንኳ አላስፈለገኝም። ሸርተት ብሎ ገባና በወዲያ በኩል ጠረጴዛው ላይ «ጠቅ» ብሎ ወደቀ።

በማይክሮሜትር ስለካ አረሩ 0.429 ኢንች፣ የሲሊንደሩ አፍ ደግሞ 0.432 ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ ሦስት ሺኛ ኢንች፣ በሚሊሜትር 0.08 ገደማ፣ የአንድ ጸጉር ውፍረት ያህል ነው። የሚነደው ባሩድ ጋዝ ግን በዚያች ክፍተት እንደ ብየዳ ነበልባል ይሾልካል፤ የአረሩን ጎን ይልጥና የላጠውን ቧንቧው ላይ ይቀባዋል። ይባስ ብሎ ፎርማዬ የሚያወጣው አረር 0.432 ነበር። «የቧንቧው ልክ 0.429 ነው» የሚል አንብቤ በዳይ (አረርም ቀለሃም ተጨምቆ ልክ በሚይዝበት የብረት መሣሪያ) የጨመቅኩት እኔው ነኝ።

ማጠንከር ለምን እንዳባሰው የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። ለስላሳ እርሳስ ከኋላው ሲገፋ ትንሽ አበጥ ብሎ ክፍተቱን ይደፍናል፤ ጠንካራው ግን እምቢ ይላል። ለግምት የሚረዳ ሒሳብ አለ፦ የብሪኔል ጥንካሬ ቁጥሩን በ1,422 ብታባዙ፣ እርሳሱ እጅ የሚሰጥበትን ግፊት በፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ታገኛላችሁ። የባላንስ እርሳስ ጥንካሬው 12 ገደማ ስለሆነ 17,000 አካባቢ ይሰጣል። ሊኖታይፕ 22 ገደማ ነው፤ ከ31,000 በላይ ይጠይቃል። የ.44 ማግነም የተፈቀደ ከፍተኛ ግፊት ራሱ 36,000 ነው። መካከለኛ የባሩድ ሙሌት ይዞ ሊኖታይፕ እንዲያብጥ መጠበቅ ድንጋይ እንዲለሰልስ መጠበቅ ነው።

ስለዚህ መድኃኒቱ መጀመሪያ መለካት ነው። አረሩ በሲሊንደሩ አፍ በእርሳስ መጻፊያ ጫፍ ሲገፉት ጠበቅ ብሎ ማለፍ አለበት። ከወደቀ ቀጥኗል፤ መዶሻ ካስፈለገው ወፍሯል። ቀጥሎ ቧንቧው፦ ንጹሕ፣ ለስላሳ የእርሳስ ድቡልቡል ዘይት ቀብታችሁ ከአፈሙዙ በኩል በናስ ዘንግ ቀስ እያላችሁ አሳልፉና የወጣውን ለኩ። አረሩ ከቦዩ ልክ ቢያንስ ከአንድ እስከ ሁለት ሺኛ ኢንች ይወፍር፤ ከሲሊንደሩ አፍ ደግሞ አይነስ። የሲሊንደሩ አፍ ከቧንቧው ከጠበበ ግን የቱም አረር አይረዳም፤ በመንገዱ ላይ ተጨምቆ ቀጥኖ ነው ቧንቧው የሚደርሰው። ያ የጠመንጃ ጠጋኝ ሥራ ነው። ድቡልቡሉን ስትገፉ ቧንቧው ከአካሉ ጋር በብሎን የሚገጥምበት ቦታ ላይ ድንገት ከጠበቀባችሁም እንደዚሁ።

እኔ ዳዩን ትቼ ከፎርማው እንደወጣ በቅባት ብቻ ተኮስኩ። ቅርፊቱ ጠፋ።

የት ነው የያዘው?

እርሳሱ የተጣበቀበት ቦታ ራሱ ምክንያቱን ይናገራል። ከሲሊንደሩ አጠገብ፣ በቧንቧው መግቢያ ላይ ከሆነ መጀመሪያ ልኩን ጠርጥሩ። በአንድ ወገን ብቻ ከተከመረ፣ በተለይም አጠገባችሁ የቆመ ሰው ፊቱን የሚነካው ፍንጣሪ ካለ፣ ሲሊንደሩ ከቧንቧው ጋር ፊት ለፊት አልገጠመም፤ መተኮስ አቁማችሁ ለጠጋኝ ስጡት። መግቢያው ንጹሕ ሆኖ ወደ አፈሙዙ ሲጠጋ ከያዘ ቅባቱ መንገድ ላይ አልቋል። የአረሩ ቀለበቶች በቅባት ይሙሉ፤ እኩል የንብ ሰምና አሎክስ (በፋብሪካ የሚሠራ የቅባት ዓይነት) ድብልቅ ብዙ ዘመን የተፈተነ ነው። ፍጥነቱ ከፍ ያለ ሙሌት ከሆነ ደግሞ ከቂጡ የመዳብ ቆብ የሚያጠልቅ አረር መጠቀም ይቻላል። ቆብ ግን የቀጠነ አረር አያወፍርም።

የያዘውን ለማውጣት በነሐስ ብሩሽ ላይ ከመዳብ ድስት መፈግፈጊያ ጥቂት ክር ጠቅልላችሁ ደጋግማችሁ አሳልፉት፤ እርሳሱ እንደ ብር ቅጠል እየተላጠ ይወጣል። ከመግዛታችሁ በፊት ማግኔት አስጠጉት፤ ብዙዎቹ መዳብ የተቀባ ብረት ናቸውና ቧንቧ ይቧጭራሉ። ኮምጣጤና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ቀላቅላችሁ ቧንቧ ውስጥ አትጨምሩ። እርሳሱን ያሟሟል እውነት ነው፤ የሚፈጠረው የእርሳስ አሲቴት ግን መርዝ ነው፣ ብረቱንም ይበላል። «መዳብ የለበሰ ጥይት ተኩስበት፣ ይጠርገዋል» የሚለውንም አትስሙ። በጠበበ ቧንቧ ጠንካራ አረር መላክ ግፊት መጨመር ነው።

አረሩ ልክ ነው፣ ቧንቧው ግን አሁንም ይይዛል

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው። የሞላችሁትን አንድ ጥይት፣ ባሩድም፣ ባሩዱን የሚለኩሰው ፕራይመርም የሌለበትን፣ በማውጫ መዶሻ ነቅላችሁ አረሩን እንደገና ለኩት። ሲገባ 0.432 የነበረው 0.429 ሆኖ ከወጣ የጨመቀው ቀለሃው ነው። የቀለሃውን አፍ የሚከፍተው ዘንግ ብዙ ጊዜ የሚሠራው መዳብ ለለበሰ ቀጭንና ጠንካራ አረር ነው፤ የእርሳሱ አረር ሲገባበት እንደ ጠባብ ጫማ ያጣብቀዋል። ወፈር ያለ፣ ለእርሳስ አረር ተብሎ የተሠራ መክፈቻ ግዙ።

ሌላም ምልክት አለ። ጥይቱን ከዳዩ ስታወጡ በቀለሃው አፍ ዙሪያ እንደ ክር የቀጠነ የእርሳስ ቀለበት በጥፍራችሁ ይነሳል? አፉ በቂ አልተከፈተም፤ የአረሩን ጎን እየላጠ ነው የሚያስገባው። አረሩ በጣት ሲቀመጥ ሳይወድቅ እስኪቆም ድረስ አፉን ክፈቱት። አረር ማስገባትንና አፍ ማጠፍን ደግሞ በሁለት ጊዜ አድርጉት። ጊዜ ይፈጃል፣ አውቃለሁ።

ከፎርማው የሚወጣው አረር ራሱ ሲበላሽ

የተጨማደደና ጠርዙ የዶለዶመ አረር ፎርማው ቀዝቃዛ መሆኑን ወይም ላዩ ላይ ዘይት እንዳለበት ይናገራል። በሳሙና አጥባችሁ አድርቁት፤ ከዚያ በፍጥነት እያፈሰሳችሁ አሙቁት። የመጀመሪያዎቹ አሥርና አሥራ አምስት አረሮች ሁልጊዜም ወደ ድስቱ ተመላሽ ናቸው። ሙቀቱ ደርሶም ጠርዙ ካልሞላ ቆርቆሮ ይጎድለዋል። የጣሪያውን ማለቴ አይደለም፤ ብረቱን፣ ቲን የሚባለውን ነው። ሁለት በመቶ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ገንዘብ ማባከን ነው።

ላዩ ውርጭ የመታው ሲመስል ፎርማው ሞቋል። ውርጩ ስስ ከሆነ አረሩ ደህና ነው፤ እኔ ያለ ሐሳብ እተኩሰዋለሁ። ቂጡ ላይ ቀዳዳ ያለበትን ግን ጣሉት። የአረር ቂጥ የመርከብ መሪ ነው።

ቅልጡ ድንገት እንደ ጭቃ ከወፈረና ፎርማውን አልሞላ ካለ ዚንክ ገብቶበታል። ከዛሬ የባላንስ ክብደት ብዙው ዚንክ ወይም ብረት ነው። ንጹሕ እርሳስ በ327 ዲግሪ፣ ዚንክ በ419 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። የባላንሱን እርሳስ ስታቀልጡ ድስቱን ከ370 ዲግሪ በታች ካቆያችሁት ዚንኩ ሳይቀልጥ ይንሳፈፋል፤ በጭልፋ ታነሱታላችሁ። አንዴ ከገባ ግን ያንን እርሳስ ለዓሣ ማጥመጃ መስመጫ አድርጉት። ላዩ ላይ የሚንሳፈፈውን ግራጫ ዱቄት ደግሞ ቸኩላችሁ አትጣሉ፤ የከፈላችሁበት ቆርቆሮም አለበት። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ሰም ጣሉበትና አማስሉ፤ ይመለሳል። ሰሙ በእሳት ቦግ ስለሚል ፊታችሁን አርቁ።

ውሃ ከቅልጥ እርሳስ ጋር አይገናኝም። አንዲት ጠብታ ከቅልጡ ሥር ከገባች በቅጽበት እንፋሎት ሆና ድስቱን ሙሉ ወደ ፊታችሁ ትረጨዋለች። እርጥብ እርሳስ፣ እርጥብ ጭልፋ፣ ግንባር ላይ ያለ ላብ ሁሉ ይቆጠራል። አረር ውሃ ውስጥ የሚጥል ሰው ባልዲውን ከድስቱ ያርቅ። ደጅ ላይ ወይም አየር በደንብ በሚገባበት ቦታ፣ በመነጽርና በጓንት ሥሩ፤ ልጆችም ምግብም አይቅረቡ።

አረሩ ከቀለሃው ወደ ፊት ይወጣል

አራት አምስት ጥይት ከተኮሳችሁ በኋላ ሲሊንደሩ አልዞር ካለ፣ በርግጫው ምክንያት ያልተተኮሰው አረር ከቀለሃው ተንሸራቶ ወጥቷል። የቀለሃው አፍ በአረሩ የማጠፊያ ቀለበት ውስጥ በደንብ መታጠፍ አለበት፤ በቅባት ቀለበቱ ላይ ወይም በጎኑ ላይ ሳይሆን። ለመፈተን ስድስት ሙሉና አምስት ተኩሱ፤ ስድስተኛውን አውጥታችሁ ርዝመቱን ለኩ። ካደገ ማጠፊያው ይጥበቅ። የቀለሃዎቹ ርዝመት የተለያየ ከሆነ ማጠፊያውም ይለያያል፤ መጀመሪያ አስተካክላችሁ ቁረጧቸው።

ድምፁ ደከመ፣ ወይም ቀለሃው አልወጣ አለ

«ጡፍ» የሚል የደከመ ድምፅ ከሰማችሁ ሁለተኛ አትተኩሱ። አፈሙዙን ወደ ደህና አቅጣጫ አድርጋችሁ ግማሽ ደቂቃ ጠብቁ፤ ሽጉጡን አራግፋችሁ ቧንቧውን በዘንግ ፈትሹ። ባሩድ ያልገባበት ቀለሃ አረሩን ቧንቧ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ተከታዩ ጥይት ቧንቧውን ያሳብጠዋል ወይም ይቀደዋል። መፍትሄው ጠረጴዛው ላይ ነው፦ ሃምሳውንም ቀለሃ ባሩድ ሞልታችሁ አረር ሳታስገቡ በመብራት ከላይ እያያችሁ እለፉ፤ ባዶውም እጥፍ የተሞላውም ይታያል።

ቀለሃው ተጣብቆ በግድ የሚወጣ ከሆነ ግፊቱ በዝቷል። ያንን ሙሌት አትተኩሱ፤ ፈታታችሁ ለዚያው አረር ክብደት በታተመው ሰንጠረዥ ካለው መነሻ እንደገና ጀምሩ። ከሰው የተነገረ መጠን አይሠራም። አረሩ ከተለወጠ ወይም ጠልቆ ከገባም ግፊቱ ይለወጣል።

መታሁት፣ ግን ራቀ

አንዳንዴ ቧንቧው ንጹሕ፣ ኢላማው ጥሩ ሆኖ እንስሳው ግን ሩቅ ሄዶ ይወድቃል። ይህን ጊዜ የአረሩን ግንባር ተመልከቱ። ክብ አፍንጫ ሥጋውን ወደ ጎን ገፍቶ ያልፋል፤ ከኋላው ቁስሉ ይገጥማል። ሰፊ ጠፍጣፋ ግንባር ግን እየጨፈለቀ፣ አቅጣጫውን ሳይስት ይሄዳል። አሜሪካዊው የጦር መሣሪያ ጸሐፊ ኤልመር ኪት በ1920ዎቹ መጨረሻ ለ.44 ያወጣው ባለ ጠፍጣፋ ግንባር አረር እስከ ዛሬ የሚፈስሰው ለዚህ ነው፤ .44 ማግነም ራሱ እ.ኤ.አ. በ1955 ሲወጣ ከኋላው የእሱ ግፊት ነበረበት። ጠንካራው ሊኖታይፕ ደግሞ አጥንት ሲመታ እንደ ሸክላ ሊሰበር ይችላል። እኔ አሁን የባላንስ እርሳስና ንጹሕ እርሳስ እኩል በእኩል፣ ሁለት በመቶ ቆርቆሮ ጨምሬ ነው የማፈሰው።

ከመውጣታችሁ በፊት ግን የምታድኑበትን ቦታ ሕግ እዩ። ለምሳሌ በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2019 ጀምሮ በማንኛውም የጦር መሣሪያ አደን እርሳስ ያለበት ጥይት የተከለከለ ነው። በተፈቀደበትም ቦታ ቢሆን በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ሥጋ ሰፋ አድርጋችሁ ቆርጣችሁ ጣሉ፤ ለውሻም አይሰጥ። የሆድ ዕቃውን ቅበሩት፤ ጥንብ አንሳ የእርሳሱን ፍንጣሪ ከሥጋው ጋር ይውጠዋል።