የቤት ጥንቸልን ወደ ግቢ መጠለያ ሲያዛውሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በቤት ውስጥ ያደጉ ጥንቸሎችን ወደ ግቢ መጠለያ ማዛወር በራሱ ስህተት አይደለም፤ በደንብ በተሠራ ስፍራ የሚኖሩ ጥንቸሎች ይሮጣሉ፣ ይቆፍራሉ፣ ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ሳሎን ውስጥ ፈጽሞ የማናየውን ጠባይም ያሳያሉ። ይሁን እንጂ ጥንቸል ስጠብቅና የሌሎችን መጠለያ ስመለከት በቆየሁባቸው ዓመታት አንድ ጥፋት መልኩን እየለዋወጠ ሲደጋገም አይቻለሁ፤ ይኸውም ባለቤቱ መጠለያውን በቀን ሠርቶ፣ በቀን ፈትሾ፣ በቀን ወድዶት ወደ ቤቱ የሚገባ መሆኑ ነው። ጥንቸል ግን ይበልጥ የምትነቃው ጎሕ ሲቀድና ጀንበር ስትጠልቅ ነው፤ ሊበሏት የሚፈልጉ እንስሳትም አብዛኞቹ የሚንቀሳቀሱት በእነዚሁ ሰዓታትና በሌሊት ነው። ከዚህ በታች ከማነሣቸው ስህተቶች የሚበዙት እኛ በሌለንበት ሰዓት በዚያ ስፍራ ምን እንደሚሆን ካለማሰብ የሚመጡ ናቸው።

ከሁሉም የሚከፋው የዶሮ ሽቦ መጠቀም ነው። ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ፣ በእጅ የሚታጠፍ፣ ቀጭን የሆነው ይህ ሽቦ የተሠራው ዶሮ እንዳትወጣ ለማገድ እንጂ ጥርስ ያለው እንስሳ እንዳይገባ ለመከላከል አይደለም። ይህን ስንት ጊዜ እንደተናገርሁ አላስታውስም፤ ዛሬም አዲስ መጠለያ እንድመለከት ስጠራ መጀመሪያ የማየው እርሱኑ ነው። ውሻ በጥርሱ ይዞ ይበጥሰዋል፤ ቀበሮ ጎትቶ ከእንጨቱ ይነቅለዋል፤ አይጥና ሌሎች ቀጫጭን እንስሳት በቀዳዳው ይሾልካሉ፤ ጥንቸሏ ራሷም ብትሆን ስትሰለች ልትቆርጠው ትችላለች። አንድ ቤተሰብ ማለዳ ጠርቶኝ ስደርስ መጠለያው በጥሩ ጣውላ የተሠራ፣ ቀለም የተቀባ፣ ልጆቹ የጥንቸሎቻቸውን ስም የጻፉበት ነበር። በታችኛው ጥግ በኩል ሽቦው አንድ ክንድ ያህል ተገልብጦ አንደኛዋ ጥንቸል ተወስዳለች። ሁለተኛዋን አንድም ጭረት ሳይኖርባት ጥግ ላይ ተወሽቃ አገኘናት፤ ልጆቹም ይህችስ ተረፈች ብለው ተጽናንተው ነበር። እኩለ ቀን ሳይሞላ እሷም ሞተች። ጥንቸል የምትታደን እንስሳ በመሆኗ ብርቱ ድንጋጤ ብቻውን ሊገድላት ይችላል፤ ስለዚህ አዳኙ ውስጥ ባይገባም እንኳ ሽቦውን ይዞ ሌሊቱን ሲነቀንቅ ማደሩ በቂ ጉዳት ነው።

መጠቀም የሚገባዎ በብየዳ የተያያዘ፣ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው ጠንካራ የሽቦ መረብ ነው። የሽቦው ውፍረት ወደ 1.6 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ቀዳዳውም ከ13 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ እመርጣለሁ፤ 25 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ውሻንና ቀበሮን ይከለክላል፣ ለቀጫጭኖቹ ግን በር ነው። መረቡን በትንንሽ ምስማር ብቻ መትተው አይተዉት፤ ጠርዙን በቀጭን እንጨት ደርበው በብሎን ይሰሩት። ከሥራው በኋላ ተንበርክከው በሁለት እጅዎ በሙሉ ኃይልዎ ይሳቡት። ለእርስዎ እጅ ከተንቀሳቀሰ ለውሻ መንጋጋ ይለቃል። ደግሞም ከመኖሪያው ቢያንስ አንዱ ክፍል ግድግዳው በሙሉ ጣውላ የሆነ፣ ጥንቸሎቹ ገብተው ከውጭ ዓይን የሚሰወሩበት መሆን አለበት።

ጣሪያን የሚዘነጉ አሉ፤ ድመት እንደምትዘል፣ ጭልፊትም ከላይ እንደሚመጣ ማስታወስ ይበቃል።

ስለ ወለሉ ሲነሣ ሰዎች ወደ ሁለት ተቃራኒ ስህተቶች ይሄዳሉ። አንዳንዶቹ መጠለያውን በባዶ መሬት ላይ ያሳርፉና ጥንቸሏ ከውስጥ፣ አዳኙም ከውጭ ሲቆፍሩ ይገናኛሉ። ሌሎቹ ይህን ፈርተው ወለሉን በሙሉ በባዶ ሽቦ ያደርጉታል። የጥንቸል እግር እንደ ውሻና እንደ ድመት ትራስ መሰል ሥጋ የለውም፤ መርገጫዋ ፀጉር ብቻ ስለሆነ ሽቦ ላይ ስትውል ተረከዟ ይላጣል፣ ይቆስላል፣ ቁስሉም እስከ አጥንት ሊደርስ ይችላል። መፍትሔው መረቡን ከግድግዳው ሥር ጀምሮ ወደ ውጭ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል መሬት ላይ አንጥፎ በአፈርና በድንጋይ መሸፈን ነው፤ አዳኝ መቆፈር የሚጀምረው ከግድግዳው አጠገብ ስለሆነ ወዲያው ሽቦው ያግደዋል። መሬት ውስጥ መረብ ማንጠፍ ከመረጡም በላዩ ወፍራም አፈር ይመልሱበት፤ ጥንቸሎቹ ሽቦውን በፍጹም መርገጥ የለባቸውም።

መዝጊያን በተመለከተ፣ በአንድ ምስማር ላይ የምትሽከረከር የእንጨት ቁራጭ መቀርቀሪያ አይደለችም። በእያንዳንዱ በር ላይና ታች የብረት መወርወሪያ ያድርጉ፣ በላዩም ቁልፍ ይጨምሩ።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ብዙ ሰው በግቢ ለምትኖር ጥንቸል የሚፈራው ብርድን ነው፤ እኔም እንዲሁ አስብ ነበር። ነገር ግን ደረቅ ማደሪያና በቂ ድርቆሽ ያላት፣ ቀስ በቀስ የለመደች ጤነኛ ጥንቸል ቅዝቃዜን ከሙቀት ይልቅ በብዙ ትችለዋለች። ጥንቸል ላብ አውጥታ ራሷን ማቀዝቀዝ አትችልም፤ ሙቀቷን በዋነኛነት የምታስወጣው በጆሮዋ ውስጥ በሚያልፈው ደም ነው፤ የአየሩ ሙቀት ወደ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ይህ መንገድ መድከም ይጀምራል። መጀመሪያ ከቤት ያወጣኋት ጥንቸሌን ከአንድ ዛፍ ሥር፣ ጥላው ድፍን በሆነበት ስፍራ አኑሬ ለሥራ ወጣሁ። ጥላውን ያየሁት ጧት ነው። ከቀትር በኋላ ፀሐይ ዞራ የመጠለያውን ቆርቆሮ ጣሪያ ስትመታ፣ ቆርቆሮው የውስጡን አየር እንዴት እንደሚያግለው አላሰብኩበትም። ስመለስ በሆዷ ተዘርግታ፣ ጆሮዋ ግሎ፣ አፏን ከፍታ እየተነፈሰች አገኘኋት። ጆሮዋን በቀዝቃዛ ውኃ እያራስሁ ወደ ሐኪም ይዣት ሮጥሁ፤ ግን መንገድ ላይ ሞተች። ዓመታት ቢያልፉም ያንን ከቀትር በኋላ ሳልረሳው አለሁ፤ ስለዚህም አዲስ መጠለያ ለሚሠራ ሰው ሁሉ ይህንን እለምነዋለሁ፦ ጥንቸል ከመግባቷ በፊት ቴርሞሜትር በወለሉ ከፍታ አስቀምጠው ከጧት እስከ ማታ በየሰዓቱ ይመዝግቡ። ቆርቆሮ ከተጠቀሙ ከሥሩ አየር የሚያልፍበት ክፍተት ትተው ሌላ የእንጨት ጣሪያ ያድርጉ። ጥንቸል በሙቀት ተመታ ካገኙም በረዶ ውኃ ውስጥ አይንከሯት፤ ድንገተኛው ቅዝቃዜ ሌላ ድንጋጤ ይሆንባታልና፤ ጆሮዋን አርሰው ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ይውሰዷት።

ይህ ማለት ብርድን መናቅ ይገባል ማለት አይደለም። ቤት ውስጥ የኖረች ጥንቸል ለውጭ ቅዝቃዜ የሚሆን ወፍራም ፀጉር አላበቀለችም፤ በብርድ ወራት መካከል ከሞቀ ክፍል አውጥቶ ግቢ ማሳደር ልብስ ገፎ እንደማሳደር ነው። ዝውውሩን ሌሊቱ መለዘብ በሚጀምርበት ወቅት ይጀምሩ፤ መጀመሪያ በቀን ለጥቂት ሰዓታት፣ ቀጥሎ ሙሉ ቀን፣ በመጨረሻ ሌሊት ይሁን። አንዴ ውጭ ማደር ከጀመረች በኋላ ደግሞ አዝነውላት ሌሊት ሌሊት ወደ ሞቀ ክፍል ማስገባትና ጧት መልሶ ማውጣት ሰውነቷ አንዱንም እንዳይለምድ ያደርጋል። ብርድ ፈርተው ማደሪያውን አንድ ቀዳዳ ሳያስቀሩ የሚደፍኑም አሉ፤ ከሽንቷ የሚወጣው የአሞኒያ ትነት በዚያ ታፍኖ አፍንጫዋንና ሳንባዋን ያቃጥላል። ነፋስ የሚመታበት ጎን ይዘጋ፣ ከጣሪያው ሥር ግን አየር መውጫ ይቅር።

ጀማሪዎች ከልባቸው ደስ ብሏቸው የሚሠሩት፣ እኔም ልቆጣቸው የማልችለው ስህተት ጥንቸሏን በመጀመሪያው ቀን ለምለም ሣር መካከል መልቀቅ ነው። ስትግጥ ማየት በእርግጥ ያስደስታል። ነገር ግን ድርቆሽና እንክብል መኖ የለመደ አንጀት ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ለብዙ እርጥብ ሣር ዝግጁ አይደሉም፤ ተቅማጥና ጋዝ ይከተላሉ፤ ጥንቸል ደግሞ ማስታወክ አትችልም። ሣሩን በአንድ እፍኝ ጀምረው በሁለት ሳምንት ውስጥ ያሳድጉት፤ ድርቆሽ ግን መቼም አይጉደል። በማሽን የታጨደ ሣር ቶሎ ስለሚብላላ አይስጡ። በግቢው ያሉትን ተክሎችም አንድ በአንድ ይለዩ፤ ጉሎ፣ አስተናግር፣ የአቮካዶ ቅጠል፣ የድንችና የቲማቲም ቅጠል ለጥንቸል መርዝ ናቸው። ጥንቸሏ ለ12 ሰዓት ያህል ምንም ካልበላች ወይም ካልጸዳዳች ነገ ትሻላለች ብለው አይጠብቁ፤ አንጀቷ ቆሞ ይሆናልና በዚያው ሰዓት ሐኪም ያስፈልጋታል።

ጠባብ ሣጥን ለመኝታ እንጂ ለመኖሪያ አይበቃም። በጥንቸል ደህንነት ላይ የሚሠሩ ማኅበራት ለሁለት ጥንቸሎች 3 ሜትር በ2 ሜትር፣ ከፍታው 1 ሜትር የሆነ ስፍራ ይመክራሉ፤ ይህ ስፍራ ከማደሪያው ጋር ዘወትር የተያያዘ መሆን አለበት። ማታ ሣጥን ውስጥ ቆልፈው ረፋድ ላይ የሚከፍቱ ሰዎች ጥንቸሏ መሮጥ የምትፈልግበትን ሰዓት ሁሉ ይነጥቋታል። እርግጥ ነው፣ መሮጫውን ሌሊት ክፍት ለመተው መሮጫው ራሱ እንደ ማደሪያው የጠነከረ መሆን አለበት፤ ስለ ሽቦው ያን ያህል የተናገርሁት ለዚህም ጭምር ነው።

ዝንብን አቅልለው አይዩ። ቤት ውስጥ በምትኖር ጥንቸል ላይ እምብዛም የማይታየው ይህ አደጋ ግቢ ውስጥ በሞቃት ወራት የየዕለት ነው። ዝንብ በሽንት ወይም በኩስ በራሰ ፀጉር ላይ ዕንቁላል ትጥላለች፤ ትሎቹም በሰዓታት ውስጥ ተፈልፍለው ሥጋ መብላት ይጀምራሉ። ጧት ደህና የነበረችን ጥንቸል ማታ በዚህ ሁኔታ አግኝቼ አውቃለሁ፤ ስለዚህ በሙቀት ወራት ከጅራቷ ሥር በቀን ሁለት ጊዜ ይፈትሹ። ትንኝና ቁንጫም ማይክሶማቶሲስ የተባለውን በሽታ ያስተላልፋሉ። ሌላው እ.ኤ.አ. በ1984 በቻይና ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው የጥንቸል የደም መፍሰስ በሽታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በፈረንሳይ የታየው ሁለተኛው ዓይነቱ ዛሬ በብዙ አገሮች ተሠራጭቷል፤ ጫማና ልብስ ላይ ተጣብቆም ይገባል። አንዳንዴ ምንም ምልክት ሳያሳይ ስለሚገድል ሕክምናን ተስፋ ማድረግ አይቻልም። ክትባቱ በሚገኝበት አገር ካሉ ከዝውውሩ በፊት ያስከትቡ፤ መከላከያው ለመጎልበት ጊዜ ስለሚፈልግም በዋዜማው አይሁን።

ብቻዋን ማውጣትም ስህተት ነው። ቤት ውስጥ እርስዎና ቤተሰብዎ ጓደኞቿ ነበራችሁ፤ ግቢ ውስጥ ማንም የለም። የተላመዱና የተኮላሹ ሁለት ጥንቸሎች ይኑሩ፤ አንድ ላይ ይዛወሩ፤ የማደሪያቸው ጉዝጓዝም ሳይታጠብ የራሳቸውን ጠረን ይዞ አብሯቸው ይሂድ። አዲስ ጓደኛ ለማላመድ ግን የዝውውሩን ሳምንት አይምረጡ። ወንዱ ከተኮላሸ በኋላም እስከ 6 ሳምንት ሊያስረግዝ ስለሚችል ያልተኮላሸች ሴት ዘንድ አያስጠጉት፤ እርግዝናው የሚወስደው 31 ቀን ያህል ብቻ ነው።

የመጨረሻው ስህተት የሚታየው ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ቤተሰቡ በሙሉ ግቢ ይውላል፤ ዝናብ ሲመጣ ጉብኝቱ መኖ ወርውሮ ወደ መመለስ ያጥራል። ጥንቸል ሕመሟን ትደብቃለች፤ ሳሎን ውስጥ ሳለች አጠገባችሁ በመሆኗ ብቻ ታስተውሉት የነበረው ለውጥ ግቢ ውስጥ ያመልጣችኋል። መሮጫው ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት በር ይኑረው፤ ውስጡም መቀመጫ ያስቀምጡ፤ ኩሷን፣ የድርቆሽ አበላሏን፣ አረማመዷን ለማየት ጧትና ማታ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ይቀመጡ። ክብደቷንም በሳምንት አንድ ቀን በአንድ ሚዛን መዝነው ይጻፉ። ገና ጀማሪ የሆነች አንዲት ወጣት ይህን ምክር ተቀብላ በየሳምንቱ ትመዘግብ ነበር፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ 150 ግራም መቀነሱን አይታ፣ ጥንቸሏ ስትሮጥና ስትበላ እያየች እንኳ ሳትዘናጋ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። ሐኪሙ አፏን ሲከፍት አንዱ የመንጋጋ ጥርስ ሾሎ ምላሷን መውጋት ጀምሮ ነበር። ጥርሱ በዚያው ቀን ተሞርዶላት ማታውን ድርቆሿን በላች።