የእንግሊዝ አሮጌ ብርጭቆ ከመግዛታችሁ በፊት ገልብጡት

"በአፍ የተነፋ የ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ የወይን ብርጭቆ ነው" ከተባላችሁ ውበቱ አያማልላችሁ። መጀመሪያ ገልብጡትና መቀመጫውን እዩ።

መሃሉን በጣት ዳብሱት። ሻካራ ጠባሳ አለው? ሠራተኛው አፉን እስኪያስተካክል ብርጭቆውን ከታች የያዘበት የብረት ዘንግ ሲላቀቅ የቀረ ነው። የዚያ ዘመን መቀመጫ መሃሉ ከፍ ብሎ እንደ ድንኳን የሚቆመውም ይህ ጠባሳ ጠረጴዛ እንዳይቧጥጥ ነው። የመቀመጫው ስፋትም ብዙ ጊዜ ከአፉ እኩል ነው ወይም ይበልጣል። ወደ ክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ጠባሳውን ሞርዶ ማለስለስ እየተለመደ ስለመጣ፣ ለስላሳ ጉድጓድ ብታገኙ ወዲያው ፎርጅድ ነው አትበሉ። ጠባሳ ብቻውን ደግሞ ማስረጃ አይሆንም፤ ዛሬ በአፍ የሚነፋም ይኖረዋል።

ቀጥሎ አጉሊ መነጽር አውጡ። ለዓመታት ጠረጴዛ ላይ የተንፏቀቀ ብርጭቆ፣ ጠረጴዛውን በሚነካው ጠርዙ ላይ ብቻ፣ ወዲያና ወዲህ የተዘበራረቁ ደቃቅ ጭረቶች ይኖሩታል። ጭረቱ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ከሄደ የብርጭቆ ወረቀት ሥራ ነው። እኔ ይህን ሳላይ ገዝቼ አንዴ ተሸውጃለሁ፣ ያውም ሻጩ አጉሊ መነጽሩን ራሱ እያቀበለኝ!

ክብደቱም ይናገራል። ጆርጅ ሬቨንስክሮፍት የተባለ ብርጭቆ አምራች እ.ኤ.አ. በ1674 ለንደን ውስጥ ለአዲስ ዓይነት ብርጭቆ የፈጠራ መብት ካገኘ ወዲህ የእንግሊዝ ብርጭቆ እርሳስ የሚባለው ብረት እየገባበት ከበድ ያለ ሆነ። ግንዱን ይዛችሁ አፉን በጥፍር ቀስ አድርጋችሁ ብትነኩት ድምፁ ረዘም ብሎ ይጮኻል። ነጭ ወረቀት ላይ ሲቀመጥም አንዳንዱ ግራጫ ይመስላል። በ1745 የወጣው የኤክሳይዝ ግብር ግን በክብደት የሚሰላ ስለነበር ብርጭቆው እየቀለለ ሄደ፤ ስለዚህ ቀላል ነው ብላችሁ ብቻ አትለፉት።

ዲካንተር፣ ማለትም ወይን የሚቀዳበት ባለ ውታፍ የብርጭቆ ዕቃ ከሆነ ውታፉን አውጥታችሁ እዩ። አንዳንዱ ላይ አንገቱና ውታፉ አንድ ዓይነት ቁጥር ተጭሮባቸዋል። ቁጥሩ ካልገጠመ ውታፉ የሌላ ዲካንተር ነው፣ ዋጋ ይቀነስላችሁ።

ከገዛችሁት በኋላ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ እንዳትከቱት። ማጠቢያ ገንዳው ውስጥ ፎጣ አንጥፉና ለብ ባለ ውሃ በእጅ እጠቡት። መጠጥም አታሳድሩበት፣ እርሳሱ ወደ መጠጡ ይወጣል። ዲካንተሩን ስታስቀምጡ ውስጡ በደንብ ይድረቅ፤ እርጥበት ከታፈነበት መስታወቱ ጉም የለበሰ ይመስላል፣ እሱ ደግሞ በሳሙና አይለቅም።