ከግሪክ አፈ ታሪክ ለልጅ ስም ስታወጡ

ለልጃችሁ ከግሪክ አፈ ታሪክ ስም ለማውጣት ካሰባችሁ ድምፁ ሳይማርካችሁ በፊት ታሪኩን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ልጅ ስድስት ሰባት ዓመት ሲሆነው «ስሜ ምን ማለት ነው?» ማለቱ አይቀርም። ያን ቀን የምትደብቁት ነገር ካለ ስሙን ተዉት። ካሳንድራ ለጆሮ ደስ ይላል፤ የስሙ ባለቤት ግን እውነቱን እየተነበየች ማንም እንዳያምናት የተረገመች ሴት ናት። ሜዲያ በዩሪፒደስ ተውኔት የገዛ ልጆቿን ትገድላለች። ፐርሴፎኒን አበባ ስትለቅም የሙታን ዓለም ንጉሥ ሃዴስ ጠልፎ ወሰዳት፤ ጠለፋ ስንቱን ቤት ባስለቀሰበት አገር ይህን ታሪክ ለሴት ልጅ ማሸከም አይገባም እንላለን። አይሪስ ግን የቀስተ ደመና አምላክና የአማልክት መልእክተኛ ናት፤ ለልጅ የሚደበቅ ነገር የለባትም።

ሁለት ስሞች እኛንም ይነካሉ። አንድሮሜዳ የአይቶጵያ ንጉሥ የኬፌዎስና የካሲዮፔያ ልጅ ናት። እናቷ በውበት ስለታበየች የባሕሩ አምላክ አውሬ ላከ፤ ልጅቱ ለአውሬው ከዓለት ጋር ታሰረች፤ ጀግናው ፔርሴዎስ ደርሶ አዳናት። ሜምኖን ደግሞ የንጋት አምላክ የኤኦስ ልጅና የአይቶጵያውያን ንጉሥ ነው፤ ግሪኮች የከበቧትን የትሮይን ከተማ ሊረዳ ዘምቶ በግሪኩ ጀግና በአኪሌስ እጅ ተገደለ። ለልጁ ስትነግሩት ግን አንድ ነገር አትዝለሉ፦ ግሪኮች በዚያ ቃል የሚጠሩት ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር እንጂ የዛሬዋን ኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም። አንድሮሜዳ ለተባለች ልጅ ታሪኳን በሰማይ ማሳየት ይቻላል። በኅዳር አጋማሽ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ፣ መብራት በሌለበት ሜዳ ወደ ሰሜን ብታዩ የካሲዮፔያ አምስት ከዋክብት ተጣጥፈው ይታያሉ። ከእነሱ ከፍ ብሎ፣ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል የሚርቀው የአንድሮሜዳ ጋላክሲ በዓይን ብቻ እንደ ደብዛዛ ጭጋግ ይታያል።

ታሪኩ ካለፈ ስሙን በአማርኛ አፍ ፈትኑት። ብዙው ስም የሚወድቀው እዚህ ነው። በር ላይ ቆማችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አሥር ጊዜ ተጣሩ፤ ከአባትና ከአያት ስም ጋር አያይዛችሁም በሉት። ለሴት አያቱ አንድ ጊዜ ብቻ ንገሯቸውና በማግስቱ ጠይቋቸው፤ ያኔ የሚመልሱላችሁ ድምፅ ሠፈሩ የሚጠራው ስም ነው። ማቆላመጫውንም አስቡት። ካሳንድራ ሲያጥር «ካሳ» ይሆናል፣ ያውም የወንድ ስም። ጋያ ለግሪኮች የምድር እናት ብትሆንም በእኛ አገር የትምባሆ ማጨሻ ነው። የጥበብ አምላኳ ስም አቴና ተብሎ ሲጻፍ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የለመደ ሰው ከተማዋን ያነብባል። የአማልክት ንግሥት የሆነችውን የሄራን ስም የሚሰማ ሁሉ «ሔራን ነው?» ይላል። አንድሮሜዳ ውስጥ «ሜዳ» አለ፤ ሜምኖንን ደግሞ የክፍል ልጆች ሳይውሉ ሳያድሩ «ምናምን» ያደርጉታል። ሜምኖንን በጣም ከወደዳችሁትና ልጁ የሚወለደው እንደ አሜሪካ የመካከለኛ ስም ባለበት አገር ከሆነ እዚያ መካከል አስገቡት፤ የየዕለት መጠሪያው ሌላ ይሁን።

ከቤተሰብ «የጣዖት ስም ነው» የሚል ቁጣ ሊመጣ ይችላል። ቁጣው ከፍቅር የመጣ ነውና በትዕግሥት መልሱ፤ መልሱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አለ። ባሕረ ሐሳብ የሚያያዝበት የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ድሜጥሮስ ስሙ «የዴሜተር» ማለት ነው፤ ዴሜተር የእህል አምላክ ናት። በሐዋርያት ሥራ 17 ጳውሎስን ሰምቶ ያመነው ዲዮናስዮስ ስሙ ከወይን ጠጁ አምላክ ከዲዮኒሶስ ነው። ሮሜ 16 ላይ «እኅታችን» የተባለችው ፌቤን ቲታን ከሚባሉት ጥንታዊ የግሪክ አማልክት ከአንዷ ጋር ሞክሼ ናት። ምክር ለሚጠይቀን የምናስቀድመው ይህንኑ ስም ነው፦ አማርኛው ለምዶታል፣ ፌበን እና ፌቨን እየተባለም በየሠፈሩ ይጠራል። የክርስትና ስም እንደሆነ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ሲጠመቁ ለብቻው ይሰጣል፤ የቤቱ ስም አይሻማውም።

መጨረሻ ላይ የወረቀት ሥራ አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ ልደት የሚመዘገበው በ90 ቀን ውስጥ ነው። ወደ ጽሕፈት ቤቱ ስትሄዱ ስሙን በአማርኛና በላቲን ፊደል በትልቁ የጻፋችሁበት ወረቀት ያዙ፤ በቃል ብቻ ከነገራችሁ መዝጋቢው የሚጽፈው በሰማው ድምፅ ነው። ፌቤን በእንግሊዝኛ ፊቢ ናት፤ ፊቢ በተለመደው የላቲን አጻጻፍ በፒ እና በኤች ይጀምራል፤ በድምፁ ሲጻፍ ግን በኤፍ። አንዱ በልደት ምስክር ወረቀቱ፣ ሌላው በፓስፖርቱ ላይ ከሰፈረ ልጁ ውጭ አገር ትምህርት ወይም ቪዛ ሲጠይቅ ሁለት ሰው ይመስላል። የተጻፈውን ከመፈረማችሁ በፊት ፊደል በፊደል አንብቡት፤ ስህተት ካለ እዚያው ቆማችሁ አስተካክሉት።