የቀጥታ መስመርን ስሎፕ እንዴት እናገኛለን?

ስሎፕ የመስመሩ ዳገትነት ነው። ወደ ቀኝ አንድ እርምጃ ስትሄዱ ስንት ትወጣላችሁ ወይስ ስንት ትወርዳላችሁ? መልሱ አንድ ቁጥር ነው። ዳገት ላይ "8 በመቶ" የሚል የመንገድ ምልክትም የሚናገረው ይህንኑ ነው፤ አግድም 100 ሜትር ስትጓዙ 8 ሜትር ትወጣላችሁ፣ ስሎፑም 0.08 ነው።

መጀመሪያ መስመሩ ላይ ሁለት ነጥቦች ያዙ። የትኞቹም ይሁኑ፣ መስመሩ ቀጥ ያለ እስከሆነ ድረስ መልሱ አይለወጥም። እኔ (-2, 5)ን እና (4, -7)ን ልውሰድ፤ በቅንፍ ውስጥ የመጀመሪያው ቁጥር ኤክስ (የአግድም ቦታው)፣ ሁለተኛው ዋይ (የከፍታው) ነው። ኔጌቲቭ ያስገባሁት ሆን ብዬ ነው፣ ፈተና ላይ ብዙ ልጅ ማርክ የሚያጣው እዚያ ጋ ስለሆነ።

አሁን ከሁለተኛው ነጥብ ዋይ ላይ የመጀመሪያውን ዋይ ቀንሱ፦ -7 - 5 = -12። ኤክስንም እንደዚሁ፦ 4 - (-2) = 6። ቅንፏን እባካችሁ አትዝለሏት! 4 - 2 ብሎ የጻፈ ሰው 2 ያገኝና ስሎፑ -6 ነው ይላል። ከዚያ የዋይን ልዩነት ለኤክስ ልዩነት አካፍሉ፦ -12 ÷ 6 = -2። አለቀ።

ትክክል መሆኑን ለማየት ከ(-2, 5) ተነሱና ወደ ቀኝ አንድ በሄዳችሁ ቁጥር ሁለት ውረዱ፦ (-1, 3)፣ (0, 1)፣ (1, -1) እያላችሁ በስድስተኛው እርምጃ (4, -7) ላይ ትደርሳላችሁ። እኔ ይህን ማረጋገጫ በጣም እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ በዓይን ያሳያል።

ከየትኛው ነጥብ መጀመር አለብን? ከፈለጋችሁት። በግልባጩም 12 ÷ (-6) = -2 ነው። የማይሆነው ለዋይ ከአንዱ፣ ለኤክስ ከሌላው መጀመር ነው፤ ያኔ መልሱ +2 ይሆንና ቁልቁለቱ ዳገት ሆኖ ቁጭ ይላል።

አግድም የተኛ መስመር ስሎፑ 0 ነው። ቀጥ ብሎ የቆመው ግን የኤክስ ልዩነቱ 0 ስለሆነ፣ በ0 ደግሞ ማካፈል ስለማይቻል፣ ስሎፕ የለውም። "የለውም" እና "0 ነው" አንድ አይደሉም።

ነጥብ ሳይሆን እኩልታ ከተሰጣችሁስ? ለምሳሌ 2ኤክስ + 3ዋይ = 6 ቢሆን፣ ዋይን ለብቻዋ አውጧት፦ 3ዋይ = -2ኤክስ + 6፣ ሁሉንም ለ3 ስታካፍሉ ዋይ = -2/3 ኤክስ + 2። ከኤክስ ፊት የቆመው -2/3 ስሎፑ ነው።